ማንም ያልገባበት በር

ሥራ የገባሁ ዕለት የተረከብኩት ሰባት ቁልፍ የያዘ ቀለበት፣ አንድ ካርቶን ማርከርና አንድ ወፍራም የስም መዝገብ ነው። «ወጣቶቹስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ዳይሬክተራችን አብዲሪዛቅ ሰዓቱን አየና «ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። ያን ቀን ማንም አልመጣም። ማርከሮቹ ይጽፉ አይጽፉ እንደሆነ አንድ በአንድ ስሞክር ዋልኩ።

የወጣት ማዕከላችን ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ነው። መኖሪያ ቤት የነበረ ግቢ ተከራይተን አራት ክፍልና አንድ አዳራሽ አወጣንለት። ሰማያዊው የብረት በር ወደ መንገዱ ይከፈታል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ አለ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኛ በር አዙረው ነው የሚቀመጡት።

እኔ ፋጡማ የሐርጌሳ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ግን ድሬዳዋ ነው። የተማርኩት በአማርኛ፣ ስናደድ የምቆጣውም በአማርኛ ነው። ይህን የምጽፈው ድሬና ጅግጅጋ በወጣት ማዕከል የሚሠሩ ልጆች «ያሳለፍሽውን ጻፊልን» ብለው ስለነዘነዙኝ ነው። የሠራሁትን ጥሩ ነገር ብቻ እንድጽፍ ጠብቀው ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ከወጣቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር አስተዋወቁኝ። መላጣ ነው፤ የአራት ልጆች አባት። የበኩር ልጁን ኮምፒውተር ላስመዝግብ ብሎ እጁን ይዞት መጥቷል። «ወጣቱ የትኛችሁ ናችሁ?» አልኩት። ደግ ሰው ስለሆነ ሳቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮሚቴው ሲቋቋም የየጎሳው ሽማግሌዎች አንድ አንድ የሚታመን ሰው እንዲልኩ ተጠየቁ። እኛ አገር የሚታመን ሰው ማለት ደግሞ ያገባ ሰው ነው። እናም የወጣቶች ኮሚቴያችን በሙሉ ባለትዳር ሆኖ አረፈው።

ስብሰባ እንዴት እንመራ እንደነበር ልናዘዝ። ጠዋት ቢሮ ውስጥ እኔና አብዲሪዛቅ እንወስናለን። የዐስር ሰላት ካለቀ፣ ፀሐዩ በረድ ካለ በኋላ ወጣቶቹ ሲመጡ፣ የወሰንነውን ፍሊፕ ቻርት ላይ በሰማያዊ ማርከር ጽፌ አስረዳለሁ። ከዚያ «ጥያቄ አላችሁ?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። አንዱ፣ ለስላሳው መቼ እንደሚመጣ ይጠይቃል። ሪፖርቱ ላይ «ወጣቶቹ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለዓመታት ጻፍኩት። ከአመቻችነት ወደ አስተባባሪነት ያደግሁትም እሱኑ በጥሩ እንግሊዝኛ ስለምጽፈው ነው።

ለሴቶች የመደብነው የስፌት ክፍል ግን አላማረለትም። ስድስት የስፌት መኪና አለው፤ ስድስቱም ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሴት ልጆች ይመዘገባሉ፣ ሁለት ቀን ይመጣሉ፣ ይጠፋሉ። ወንዶቹ ለኮምፒውተርና ለፒንግ ፖንግ ይጋፋሉ። አንድ ጠዋት አብዲሪዛቅ ቢሮዬ ገብቶ በሩን ዘጋ። «የማዕከሉ ቦርድ እስከ ረመዳን ብቻ ጊዜ ሰጥቶናል» አለኝ። «ሴቶቹ ካልመጡ መኪናዎቹ ይነሱና ክፍሉ ለኮምፒውተር ይሰጣል።»

ከሚመጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሂቦ ነበረች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ከከተማው ዳር፣ ከሼክ ኑር ሰፈር በሚኒባስ ትመጣለች። እናቷ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ለምዝገባ ይዛት የመጣች ዕለት በሳሙና የተላጠ እጇን አሳየችኝና «የእሷ እጅ እንደዚህ እንዳይሆን» አለችኝ። ሂቦ በአንድ ወር ውስጥ ኮሌታ መግጠም ቻለች። የምትቀረው ግን ከምትመጣው ይበዛ ነበር።

ምክንያቱ የገባኝ መሰለኝ። ሻይ ጠጪዎቹ ናቸው። ሃያ ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ የትኛዋ ልጅ ትገባለች? እኔ ራሴ በዚያ ሳልፍ ጉፍታዬን ሳላስተካክል አልፌ አላውቅም። ስለዚህ መፍትሔ አፈለቅሁ። የጓሮውን አጥር ሰብረን፣ ወደ ቅያሱ የሚያወጣ የሴቶች በር እንሠራለን። ለአብዲሪዛቅ ስነግረው ዓይኑ በራ። ወዲያው ለሪፖርቱ የእንግሊዝኛ ስም አወጣለት።

አጥሩን የሰበሩት ጋሼ ታደሰ ናቸው። ከጎንደር መጥተው ሐርጌሳ ውስጥ ብዙ ዘመን የሠሩ ግንበኛ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር አማርኛዬን እንደልቤ አወራለሁ። መሮና መዶሻቸውን ይዘው አጥሩ ፊት ቆሙ፤ ግን አልመቱም።

«ልጆቹ ናቸው ይህን ያሉሽ?» አሉኝ።

«እኔ አውቃለሁ ጋሼ ታደሰ። እርስዎ ይስበሩ።»

«እሰብራለሁ፤ ሥራዬ ነው። ብሎኬት ግን አንዴ ከተነሳ መልሶ እንደነበረው አይሆንም፤ ምልክቱ ይቀራል። ለዚያ ነው የጠየቅሁሽ።»

በሁለት ቀን ጨረሱት። አረንጓዴ በር ገጠምን፤ በላዩ «የሴት ልጆች መግቢያ» ተብሎ በሶማልኛ ተጻፈ። ፎቶ አነሳነው። ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ማታ ለእህቴ ስልክ ደውዬ አወራሁላት።

በበሩ ከአንዲት ልጅ በቀር ማንም አልገባም። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ይባስ ብሎ ከፊት በር ይገቡ የነበሩትም ቀሩ። ወንዶቹ ሰማያዊው በር ላይ ሲያገኟቸው «የእናንተ በር በጓሮ ነው» እያሉ ይመልሷቸው ጀመር። ክፉ አልነበሩም፤ የለጠፍነውን ጽሑፍ አንብበው ነው። ሂቦ በአዲሱ በር አንድ ቀን ብቻ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አልታየችም። ረመዳን ሁለት ወር አልቀረውም። ስድስቱ መኪናዎች እንደተሸፈኑ ናቸው።

ወደ ሼክ ኑር ሄድኩ። የሂቦ እናት በቆርቆሮና በጨርቅ የተሠራ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፤ ሻይ ቀዳችልኝ። ከዚያ «ልጄ ምን አጥፍታ ነው በጓሮ የምታስገቢያት?» አለችኝ።

«እንዳታፍር ብዬ ነው» አልኳት።

«እኔ የላክኋት በትልቁ በር ነው፤ ሰው ሁሉ በሚገባበት። ወንድሜ ጓሮ ለጓሮ በቅያስ ስትገባ አያት። የት ነበረች ሲለኝ ምን ልበለው? ማዕከል? ማዕከሉ በር የለውም ወይ ቢለኝስ?»

ወላሂ፣ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሂቦ ባልዲ ይዛ መጥታ ጎናችን ቆመች። «ኤዶ» አለችኝ፤ የአባት እህት ማለት ነው፤ ልጆቹ ሁሉ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። «ሻይ ቤት ያሉት ሰዎች እኮ አያስፈሩንም። አደር ጃማ ስገባ ያዩኛል፤ ስወጣ ያዩኛል። እናቴ ደውላ ‹ልጄ ደረሰች?› የምትለው እሳቸውን ነው።»

አደር አጎት ማለት ነው፤ አደር ጃማን አውቃቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከዛፉ ሥር ጠዋት የሚቀመጡት ወንበር ላይ ማታ ይገኛሉ። ስንት ጊዜ በልቤ ‹ምናለ ቤታቸው ቢቀመጡ› ብያለሁ። እኔ ልደብቃቸው የሞከርኩት ልጆች ለካስ እሳቸውን ተማምነው ነበር የሚመጡት።

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትቀሩት?» አልኳት።

ሂቦ ሳቀች፤ የምታሾፍ ግን አልነበረችም። «ጥያቄ አላችሁ ወይ ስትዪን ኖርሽ። ዛሬ ገና ጠየቅሽን።»

ባልዲውን አስቀመጠችና ውሎዋን ነገረችኝ። ጠዋት ውሃ፣ ከዚያ ታናናሾቿን ማድረስ፣ ከዚያ ምሳ ማብሰል። ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሰላት በኋላ ሳህኑ ታጥቦ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ይተኛል። ያን ጊዜ የሚፈልጋት የለም። ከዚያ ሰዓት እስከ ዐስር ያለው ጊዜ የእሷ ነው። «እናንተ ግን ልክ ያን ጊዜ ትቆልፋላችሁ» አለችኝ። «በዐስር ስትከፍቱ እኔ እራት ልጥድ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ለመግሪብ ሰላት ደግሞ ቤት መገኘት አለብኝ። የሁላችንም ነገር እንደዚሁ ነው።»

ሐርጌሳን የሚያውቅ ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ግማሹ ወንድ ጫት ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ ይተኛል። እኔም በዚያ ሰዓት ማዕከሉን ቆልፌ፣ ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ። ሴቶቹን ያስቀረው የእኔ እንቅልፍ ነበር።

«በዚያ ሰዓት ሠራተኛ የለንም እኮ» አልኳት።

«ሠራተኛ ምን ያደርግልናል? ቁልፉን ስጡን።»

እውነቱን ልናገር፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። የልጅ አፍ፣ ቁልፍ ስጡን! ኮድቡር ስደርስ ንዴቴ ወደ ራሴ ዞሮ ነበር።

በማግስቱ ከሂቦ ጋር የተመዘገቡትን ሴቶች ቤት ለቤት ዞርን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሦስተኛው ቤት ላይ «ኤዶ፣ ያን ፋይል ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፤ ሰው እርዳታ ልትመዘግቢ የመጣሽ ይመስለዋል» አለችኝ። ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ሰው ተናገረ። ሰዓቱን ከሂቦ የተለየ የነገረን አንድም ቤት አልነበረም። ስለ ጓሮው በር ደግሞ ባለጌ ቃል ሳይጨምር የተናገረ አላጋጠመኝም።

ለአብዲሪዛቅ ስነግረው «የምሳ ሰዓታችንን ነው የፈለጉት?» አለኝ።

«ምሳህን አልፈለጉትም። ቁልፉን ነው።»

«አስተግፊሩላህ» አለ። መመሪያችን ቁልፍ ከሠራተኛ እጅ አይወጣም ይላል። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ወደ ቦርድ እንውሰደው» አልኩት። «ከአንቺ ጋር ሆኜ አልከራከርም፤ አልቃወምሽምም» አለኝ። ከእሱ ይህ ብዙ ነው።

ቦርዱ አምስት ሽማግሌዎች አሉት። ሰብሳቢው ሐጂ ዩሱፍ ናቸው። በእኛ ወግ ንግግር በዕድሜ ነው የሚሄደው፤ ትልቁ ይጀምራል፣ ታናሹ ጋ ሲደርስ ሻዩም ሐሳቡም ቀዝቅዟል። ሂቦና ሁለት ጓደኞቿ ጥግ ተቀምጠዋል። ሐጂ ዩሱፍ ሊጀምሩ ሲሉ እጄን አነሳሁ።

«ሐጂ፣ ዛሬ ልጆቹ ይጀምሩ።»

«ይህ ከየት የመጣ ነው?» አሉ።

«እናንተ ከተናገራችሁ በኋላ እነሱ አይናገሩም፤ አደብ አላቸው። ልትሰሟቸው ከፈለጋችሁ ቀድመው መናገር አለባቸው።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስቴ ገፋ ገፋ አደረጉና «ይናገሩ» አሉ።

ሂቦ ተነሳች። ውሎዋን ተናገረች፣ ሰዓቱን ተናገረች፣ ቁልፉን ጠየቀች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሐጂ ዩሱፍ ግን ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ መኪና ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?»

ሂቦ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሐጂ፣ መኪናዎቹ አንድም አልጠፉም። የጠፋነው እኛ ነን። እኛ ስንጠፋ ማን ተጠየቀ?»

አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሐጂ ዩሱፍ እኔን እያዩኝ ነበር። «እውነቷን ነው» አሉ። «በዚያ ሰዓት ግን ብቻቸውን ሊሆኑ ነው?»

«አደር ጃማ አሉ» አለች ሂቦ። ሄዳ አነጋግራቸዋለች፤ ለእኔ እንኳ አልነገረችኝም።

አደር ጃማ ከመንገዱ ማዶ ተጠሩ። በትራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። የሐጂን ሁለት ልጆች ያስተማሩ ሰው ናቸውና ሁሉም ብድግ አለላቸው። «በዚያ ሰዓት ሁሉም ይተኛል፣ እኔ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። «ዝም ብዬ የተዘጋ በር ሳይ ነው የምውለው። ተከፍቶ ባየው ደስ ይለኛል። ያን የጓሮ በር ግን ዝጉት፤ እሱን ከዛፉ ሥር ሆኜ አላየውም።»

ቦርዱ እስከ ረመዳን ይሞከር ብሎ ወሰነ። ለሚደርሰው ነገር ሁሉ ኃላፊነቱ የእኔ እንደሆነ የሚል ወረቀት ተዘጋጀ። አብዲሪዛቅ እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ «ፋጡማ፣ እንጀራሽ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ፈረምኩ። የሴቶቹን ክፍልና የትልቁን በር መክፈቻ ሁለተኛ ቅጂ ልሰጣቸው ነበር። ሂቦ የክፍሉን ዋናውን ጠየቀችኝ። ከቀለበቱ አውጥቼ ከትልቁ በር ቅጂ ጋር ሰጠኋት፤ የክፍሉ ቅጂ ለእኔ ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ በልቼ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ተነስቼ ሄድኩ። አደር ጃማ ከዛፋቸው ሥር ሆነው አራት ጣታቸውን አሳዩኝ። አራት ገብተዋል ማለት ነው። በሩን ገፋ ሳደርግ ሂቦ ከመኪናዋ ቀና አለች።

«ኤዶ፣ ልትሰፊ ነው ወይስ ልትቆጣጠሪ?»

«እንዲያው ላያችሁ...»

«ልትሰፊ ከሆነ ተራ ያዢ። ልትቆጣጠሪ ከሆነ ከዐስር በኋላ ነይ።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። ግን ተራ ያዝኩ። የሰፋሁት ስፌት ጠማማ ነበርና ደግመው ሳቁብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥግ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘሁ። ታናናሾቻቸውን ትተው መምጣት የማይችሉ ሴቶች ሕፃናቱን ይዘው ይመጣሉ፤ ተራ የምትጠብቀዋ ትይዛለች። ይህ በእኔ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ውስጥ አንድም ቦታ የለም። አንድ ቀን የአንዱ መኪና ቀበቶ ተበጠሰ። እኔ ሳልሰማ ራሳቸው በጀመሩት ደብተር ጽፈውታል፤ ማን ስትሠራ እንደተበጠሰና ማን ልትጠግነው እንደወሰደችው። አብዲሪዛቅ ደብተሩን አንብቦ «እኛ የመኪናችን ጎማ ሲፈነዳ እንኳ እንዲህ አንጽፍም» አለ።

ረመዳን ሲገባ ስድስቱም መኪና ተይዞ፣ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች አዳራሹ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ለዒድ የሰፈሩን ሕፃናት ቀሚስ የሰፉት እነሱ ናቸው። ክፍሉን ለኮምፒውተር ስለመስጠት ያነሳ ሰው የለም። ይልቅ ወንዶቹ መጡና «እኛንስ ማን ጠየቀን?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ጠየቅናቸው። መላጣው የኮሚቴ ሰብሳቢያችን ወንበሩን ለወጣት ሲለቅ አጨበጨብንለት፤ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ራሱ ነው።

ከዒድ በኋላ ጋሼ ታደሰን ጠራኋቸው። አረንጓዴውን በር ነቅለው ብሎኬት ደረደሩ። ሲሚንቶውን ከማንሳታቸው በፊት ዞር ብለው አዩኝ።

«ዛሬስ ልጆቹ ናቸው ያሉሽ?»

«እነሱ ናቸው።»

«እንግዲያ ውሃ አምጪ» አሉና የግንበኛ ማንኪያቸውን አነሱ።

ግንቡን ቀለም ልቀባው ቢሉኝ አልፈቀድኩም። አዲሱ ብሎኬት ከአሮጌው ተለይቶ እስከ ዛሬ ይታያል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ሥራ የማስጀምረው እዚያ ወስጄ ነው። የሠራሁትን ሳወራ ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት ቶሎ ይለምዳሉ።

ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። አደር ጃማ አሁንም ከዛፋቸው ሥር ናቸው። ሂቦ የስፌት አሠልጣኝ ናት፤ በቦርዱም ውስጥ ወንበር አላት። ስብሰባው የሚጀምረው ከታናሹ ነው። እናቷ የሰው ልብስ ማጠብ ትታለች፤ ባለፈው ዒድ ቤታቸው ሄጄ እጇን ስስማት አየሁት፤ ቁስሉ ድኗል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

በመጨረሻው ቀን አብዲሪዛቅ የርክክብ ቅጹን ይዞ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ቅጹ ሰባት ዋና ቁልፍ ይላል። ቀለበቱን ተቀብሎ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።

«አንድ ይጎድላል» አለኝ።

«አይጎድልም። ባለቤቶቹ ጋ ነው።»

ትንሽ አሰበና እስክሪብቶውን አነሳ። ስድስት ብሎ ጻፈ፤ በሰባተኛው ፊት ለፊት ደግሞ «በሴቶቹ እጅ» አለ። ሁለታችንም ፈረምን።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ለወጣት በር ከመሥራታችሁ በፊት በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት መግባት እንደሚፈልግ ጠይቁት። መልሱን ስትሰሙ ቁልፉን ስጡት።